ከሃርለም እስከ መልካ ኦዳ

ከሐዋሳ መናኸሪያ ወደ ሰሜን ለሚነሣ መኪና ረዳቱ አስቀድሞ የሚጠራው ስም ሻሸመኔ ነው። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ተሳፋሪው ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ይደርሳል። ከሻሸመኔ አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው መንገደኛ ደግሞ ከተማው ሊያልቅ ሲል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀቡ አጥሮችንና በሮችን ያያል። ቦታው መልካ ኦዳ ነው፤ ሕዝቡ ግን ጃማይካ ሰፈር ይለዋል። እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን የሚያመልኩ ጃማይካውያን ናቸው የሚል መልስ ይገኛል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ታሪኩን ከመካከሉ ይጀምረዋል እንጂ። መጀመሪያው የሚገኘው በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። የመልካ ኦዳን መሬት ታሪክ ለመረዳትም ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን መመልከት ያሻል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1930ዎቹ አሜሪካ በኤኮኖሚ ድቀት የተመታች አገር ነበረች። ፋብሪካ ሲዘጋ ከሁሉ በፊት የሚሰናበተው ጥቁሩ ሠራተኛ ነበር። በደቡብ ግዛቶች ያለው ጥቁር ደግሞ ከነጭ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፣ በአንድ የባቡር ፉርጎ አይሳፈርም፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ አይጠጣም፤ የምርጫ ሣጥንም በዘዴና በማስፈራራት ተዘግቶበታል። ይህ ሕዝብ ነው እንግዲህ በ1935 የሙሶሊኒ ጦር በኢትዮጵያ ድንበር መሰለፉን ሲሰማ የራሱ ቤት የተነካ ያህል የተነሣው። በዚያ ዓመት ጁን 25 ቀን ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲዘርረው፣ ሃርለም በቦክስ ውጤት ብቻ አልነበረም የጨፈረው። በኦገስት ወር በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጣ። ለመዝመት የተመዘገበውም በብዙ ሺህ ይቆጠር ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት ግን በ1818 የወጣ አሮጌ ሕግ ጠቅሶ በባዕድ ጦር የሚሰለፍ ዜጋ እንደሚቀጣ አስጠነቀቀ። በኦገስት መጨረሻ የጸደቀው የገለልተኛነት ሕግም የጦር መሣሪያ ሽያጭን ለሁለቱም ወገን ሲከለክል ነዳጅን አልነካም። መሣሪያ ያጣችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ነዳጅ የሚፈልገው ደግሞ የፋሺስቱ አውሮፕላንና የጭነት መኪና ነበር። ገለልተኛነቱ ለማን እንደ ጠቀመ ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ያ ሁሉ ዘማች ባለበት ቀረ። ባሕሩን ተሻግረው ከደረሱት ጥቂቶች አንዱ የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነው፤ የኢትዮጵያን ትንሽ አየር ኃይል እስከ 1936 መራ፤ ከነጻነት በኋላ በ1944 ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጋዜጠኛው ጄ. ኤ. ሮጀርስም ለአንድ የጥቁሮች ጋዜጣ ከጦርነቱ ሥፍራ ይዘግብ ነበር።

ይህን የተበታተነ ስሜት በአንድ ድርጅት የሰበሰቡት ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ስማቸው ባጭሩ የሚታለፍ በመሆኑ ጥቂት ልቆይባቸው እፈልጋለሁ። ዶክተር መላኩ በ1900 ወሎ ተወልደው ያደጉት ሐረር ነው። በ1922 ወደ አሜሪካ ሄደው ኦሃዮ በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ተማሩ። ሕክምናቸውን የፈጸሙት ግን ዋሽንግተን ባለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ነው። ይህ ምርጫ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ አሜሪካ የሚገኝ ኢትዮጵያዊ ተማሪ “እኔ የጥንት መንግሥት ልጅ ነኝ፤ ከእነዚህ ጋር አትቁጠሩኝ” ብሎ ከመድልዎው ሊሸሽ ይችል ነበር። እርሳቸው ወደ ተገፉት ሄዱ። በአገር ቤት የታጨችላቸውን የታላቅ ባለሥልጣን ልጅ ትተውም በ1931 ዶሮቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ።

በጦርነቱ ጊዜ አገራቸው ተመልሰው በሐኪምነት አገለገሉ፤ ከሽንፈቱም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ። በ1936 ሴፕቴምበር ወር በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ኒው ዮርክ ሲደርሱ ከገንዘቡ ማሰባሰብ ይልቅ የከበዳቸው አንድ ወሬ ነበር። ይኸውም ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ጥቁር አድርገው አይቆጥሩም፣ የአሜሪካን ጥቁሮችም ይንቃሉ የሚል ነው። ወሬው ጥቁሮቹን ከኢትዮጵያ ለመለየት ለሚፈልጉ ሁሉ ጥሩ መሣሪያ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የባርነትን ወሬ ዛሬም ከምላሳችን ፈጽመን ባላወጣንበት ቤት፣ ወሬው ከምንም የተነሣ ነው ማለት አይቻልም። ዶክተር መላኩ በየአዳራሹና በየቤተ ክርስቲያኑ እየተገኙ የተከራከሩት በቃል ብቻ ሳይሆን በኑሯቸው ጭምር ነበር፤ አጠገባቸው የቆመችው ባለቤታቸው ከንግግራቸው የበለጠች ማስረጃ ነበረች።

በ1937 ኦገስት 25 ቀን የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን በኒው ዮርክ ተመሠረተ። “የኢትዮጵያ ድምፅ” የተሰኘ ጋዜጣ አወጣ፤ ቅርንጫፎቹ በአሜሪካ ከተሞችና በካሪቢያን ደሴቶች ተዘረጉ፤ ከእነዚህም አንዱ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ተከፈተ። ይህ የኪንግስተኑ ቅርንጫፍ ኋላ ምን እንደሚያመጣ ያን ጊዜ የገመተ የለም። ዶክተር መላኩ ግን ጤናቸው ተጎድቶ በ1940 ሜይ 4 ቀን በአርባ ዓመታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1941 ሜይ 5 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ፣ እርሳቸው ከሞቱ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሆኗቸው ነበር።

ከነጻነት በኋላ ውለታውን ለመመለስ የተመረጠው መንገድ መሬት ነው። በሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ፣ ማለት 200 ሄክታር፣ በፌዴሬሽኑ በኩል ባሕር ማዶ ላሉት ጥቁር ሕዝቦች ተሰጠ። በ1948 ከሞንትሴራት ደሴት የሆኑት ጄምስና ሄለን ፓይፐር ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ የመሬቱ የመጀመሪያ ሰፋሪዎችና ጠባቂዎችም እነርሱ ሆኑ። ሐዋሳ ራሷ በዚያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም፤ አገሩ ባዶ አልነበረም። የአርሲ ኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱበትና ከብት የሚያሰማሩበት ነበር፤ ሲሰጥም የጠየቃቸው የለም። ለተበደለ ወገን የተከፈለው ውለታ ከሌላው ተበዳይ ጉያ የወጣ መሆኑ ኋላ ለመጣው ችግር ሁሉ ሥር ሆኗል።

መሬቱ ይኸው ተዘጋጀ፤ ታዲያ በ1935 ለመዝመት በሺህ የተመዘገበው ጥቁር አሜሪካዊ ለምን አልመጣም? መልሱ በራሷ በአሜሪካ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የኮሙኒስት ፍርሃት ከአፍሪካ ጋር የሚወዳጀውን ጥቁር ሁሉ በጥርጣሬ የሚያሳይ ሆነ። በ1947 የጥቁሮችን በደል ለተባበሩት መንግሥታት የሚያሰማ አቤቱታ ያቀናበረው ሊቁ ዱ ቦይስ በሚቀጥለው ዓመት ከሚሠራበት ማኅበር ተሰናበተ። ዘፋኙ ፖል ሮብሰን በ1950 ፓስፖርቱን ተነጠቀ፤ እስከ 1958 ከአገር መውጣት አልቻለም። በሌላ በኩል ደግሞ በፍርድ ቤት የሚካሄደው ትግል ፍሬ ማሳየት ጀመረ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ያለው መለያየት እንዲቀር አዘዘ። ትእዛዙ በተግባር የዋለው ግን በአብዛኛው በኮሪያ ጦርነት ነው፤ የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከአሜሪካው 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፉት የአሜሪካ ጥቁርና ነጭ ወታደሮች በአንድ ምሽግ ማደር በሚለማመዱበት ወራት ነበር። ስለዚህ ጥቁሩ አሜሪካዊ የሚዋጋበት ሜዳ ከባሕር ማዶ ወደ ደጃፉ መጣ።

የኢትዮጵያም መንግሥት መንገዱን ለውጧል። በ1953 የአሥመራውን የሬዲዮ ጣቢያ አሜሪካኖች ለ25 ዓመት እንዲገለገሉበት ተዋዋለ። ለሃርለም ድሆች አምስት ጋሻ፣ ለዋሽንግተን ጄኔራሎች የጦር ሠፈር ሰጠ ማለት ነው። ሁለቱን ስጦታ ያነጻጸረ ሰው ወዳጅነቱ ወዴት እንዳደላ ይፈርዳል።

በ1954 ሜይ 17 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ዘርን መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ሲል በሙሉ ድምፅ ፈረደ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ላይ ንግግር አደረጉ። ተውኔት ጸሐፊ እንዲህ ያለ ግጥጥሞሽ ቢፈጥር ተመልካቹ አያምነውም። ሌላም አለ። በዚሁ ጉብኝት ንጉሠ ነገሥቱ የዓለማያን እርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ውል የገባውን ኮሌጅ ለማየት ወደ ኦክላሆማ ሄዱ። በዚያችው ግዛት የሚገኘው ሌላ ዩኒቨርሲቲ በ1948 ጆርጅ ማክሎሪን የተባለ ጥቁር መምህር ለከፍተኛ ትምህርት እንዲቀበል ሲገደድ፣ ከክፍሉ ውጭ ባለች ጠባብ ክፍል ለብቻው አስቀምጦት ነበር፤ በቤተ መጻሕፍቱና በምግብ ቤቱም ጠረጴዛው የተለየ ነበር። ያን የከለከለው የ1950 ፍርድ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ያችው ግዛት ጥቁር ንጉሠ ነገሥት በክብር ግብዣ ተቀበለች። ማክሎሪን ይህን ሲሰማ ምን ብሎ ይሆን? ብዬ አስባለሁ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሃርለምንም አልረሱም። ሕዝቡ በአንድነት የተቀበላቸው በአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህችን ቤተ ክርስቲያን፣ ታሪኳ እንደሚለው፣ በ1808 የመሠረቷት በጸሎት ቤት ከነጮች ተለይተን አንቀመጥም ብለው የወጡ ጥቁሮች ናቸው። ስሟንም ከአገራችን ወሰዱ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1955 የፌዴሬሽኑ መልእክተኛ ድምፃዊት ሜይሚ ሪቻርድሰን ወደ ጃማይካ ሄዳ የሻሸመኔን መሬት ወሬ አሰማች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ የተባለች ልብስ ሰፊ ለነጭ ተሳፋሪ መቀመጫዋን አልለቅም በማለቷ ታሰረች። በከተማው ያለው ጥቁር ሕዝብ በሃያ ስድስት ዓመቱ ወጣት ሰባኪ በማርቲን ሉተር ኪንግ መሪነት 381 ቀን በአውቶቡስ ሳይሳፈር በእግሩ ተመላለሰ፤ አሸነፈም። ሁለቱ ወሬዎች ሁለት የተለያዩ ጆሮዎች አገኙ። ጃማይካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ የኪንግስተን ድሃ የሚከስበት ሕገ መንግሥት፣ የሚጠብቀው ፍርድ አልነበረውም፤ ስለዚህ መሬት አለ የሚለው ቃል እንደ ትንቢት ተቀበለው። የሞንትጎመሪ ጥቁር ግን ከአውቶቡሱ ፊተኛ መቀመጫ ላይ መቀመጥን መረጠ። በእኔ አስተያየት ይህ ኢትዮጵያን መርሳት አይደለም። በ1935 ሰልፍ መውጣትን፣ ገንዘብ ማዋጣትን፣ በጋዜጣ መሟገትን የተማረ ሕዝብ ያን ትምህርት በገዛ ከተማው ሥራ ላይ አዋለው።

ኢትዮጵያም ከአሜሪካ ጥቁሮች ጉዳይ ፈጽማ አልራቀችም። በ1963 ሜይ ወር የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ በበርሚንግሃም ከተማ ፖሊስ በጥቁር ሕፃናት ላይ ውሻ የለቀቀባቸው ፎቶግራፎች በዓለም ጋዜጦች ታትመው ነበር። ጉባኤው በውሳኔዎቹ ውስጥ በተለይ የአሜሪካን ስም ጠርቶ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ የሚፈጸመው የዘር መድልዎ ብርቱ ሐሳብ ያሳደረበት መሆኑን ገለጸ፤ የፌዴራሉን መንግሥት ጥረት ማመስገኑንም አልተወም። ድፍረትና ጥንቃቄ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈዋል።

በመጨረሻ ወደ መልካ ኦዳ ከመጡት ጥቁር አሜሪካውያን አንዱ የመድኃኒት ባለሙያው ግላድስተን ሮቢንሰን ነው። የደረሰው በ1964 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጁላይ 2 ቀን የሲቪል መብቶች ሕግ በአሜሪካ ተፈረመ። እርሱን የመሰሉ ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጃማይካዊ ነው፤ ኖኤል ዳየር የተባለው ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ ሰሐራን አቋርጦ ደርሷል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1966 ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ መንገደኛው በዛ። በ1975 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን አምስቱ ጋሻም አብሮ ተወሰደ። ለጭሰኛው ትክክል ነበር፤ ለሰፋሪው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣበት ተስፋ ነበር። ብዙዎቹ ሄዱ። የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች አቤት ብለው ከመሬቱ ትንሽ ክፍል የመጠቀም መብት አገኙ። ልጆቻቸው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ፤ በመዝገብ ግን የውጭ አገር ሰው እንደ ሆኑ ቆዩ። መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ ሊሰጣቸው የወሰነው በ2017 ነው፤ ጄምስና ሄለን ፓይፐር ከመጡ በ69 ዓመት።