«ትርፍ» እና «በጎ አድራጎት»፦ የማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ አረዳድ በኢትዮጵያ

ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ዕቃ ወይም አገልግሎት ሸጦ በሚያገኘው ገቢ የሚተዳደር፣ የተቋቋመበት ዓላማ ግን የባለቤቶቹን ሀብት ማብዛት ሳይሆን አንድን የኅብረተሰብ ችግር መፍታት የሆነ፣ ትርፉንም በአመዛኙ ወደዚያው ዓላማ የሚመልስ ድርጅት ነው። ስያሜው በኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ነው። ሰሚው ስለ ጉዳዩ የሚይዘው ሐሳብ ግን ከትርጓሜው ይልቅ ከስያሜው ቀድመው በነበሩ ተቋማት የተቀረጸ በመሆኑ፣ የአረዳዱን ምንጭ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የእነዚያን ተቋማት ታሪክ መመልከት ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚቀድመው ዕድር ነው። አባላቱ በየወሩ እያዋጡ ኀዘን የደረሰበትን ቤተሰብ የሚረዱበት ይህ ማኅበር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት ከአዲስ አበባ ዕድገት ጋር አብሮ እንደተስፋፋ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ፤ ከገጠር የመጣው ሕዝብ፣ በተለይም የጉራጌ ተወላጆች፣ ከዘመድ ርቀው በሚኖሩበት ከተማ ቀባሪ እንዳያጡ ያበጁት መላ ነበር። የዕድር አሠራር ሲመረመር ከሩቅ ከሚገመተው በላይ የንግድ መልክ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን የገዛ ዕድር ዕቃው በማይፈለግበት ቀን አባል ላልሆነ ሰው ለሠርግም ለተዝካርም ያከራየዋል፣ ኪራዩም ወደ ዕድሩ ሣጥን ይገባል። በኤችአይቪ ምክንያት ሞት በበዛባቸው ዓመታትም ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ወደ መደገፍ የተሻገሩ ዕድሮች ነበሩ። እንዲህም ሆኖ አባላቱ ይህን ነጋዴነት ብለው አልጠሩትም፤ ነጋዴነት ለራስ የሚሠሩት ሥራ ሲሆን ዕድር ደግሞ የጋራ ዕዳ ነውና።

በልማድ የነበረውን ይህን ልዩነት በጽሑፍ ያጸናው ሕግ ነው። የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952 ዓ.ም. ታውጀው ሁለቱም መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውሉ፣ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 404 ማኅበርን ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ለተለየ ውጤት ሰዎች የሚያቆሙት ስብስብ አድርጎ ተረጎመው፤ ትርፍ ፈላጊው ደግሞ የንግድ ሕጉ ባለጉዳይ ሆነ። እየሸጠ የሚረዳ ድርጅት ከሁለቱ መዝገቦች በየትኛውም ውስጥ የራሱ ስም አልነበረውም። የቋንቋው ነገር ግን ሌላ ነው፦ «ትርፍ» እና ነፍስን «ማትረፍ» ከአንድ ሥር፣ «ተረፈ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው፤ ሕጉ ለየብቻ ያስቀመጣቸውን ቋንቋው ቀድሞ በአንድ ቤት አኑሯቸው ነበር።

ንግድንና የጋራ ጥቅምን በአንድ ድርጅት የማገናኘቱ ሐሳብ የከፋ ጠባሳ የተቀበለው በደርግ ዘመን ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 241 ሕጋዊ መሠረት አግኝተው የነበረ ቢሆንም፣ በ1970 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 138 የሶሻሊዝም መገንቢያ መሣሪያ አደረጋቸው፤ አምራቾቹም መልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች፣ ማለትም መሬታቸውን በጋራ ከማረስ ጀምሮ በሬንና ሞፈርን እስከ ማዋሐድ በሚዘልቅ ቅደም ተከተል፣ እንዲያልፉ ታቀደ። ገበሬው በፈቃዱ ሳይሆን በግፊት ገባበት፣ እህሉንም መንግሥት በወሰነው ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ተገደደ፤ የከተማው ነዋሪም ስኳርና ሳሙና ለማግኘት በቀበሌ ኅብረት ሱቅ ደጃፍ ተሰለፈ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ማኅበራት በአብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ መበተናቸው፣ አባላቱ ምን ያህል የእኔ ብለዋቸው እንደነበር ከማናቸውም ሪፖርት በላይ ያስረዳል። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ፈቃደኝነትን መልሶ፣ በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን የመሰሉ ድርጅቶች ተቋቁመው የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ከጀመሩ በኋላም፣ ለብዙ አዛውንት «ኅብረት» የሚለው ቃል የካድሬ ድምፅ አልተለየውም።

ሦስተኛው ቀራጭ እርዳታ ነው። ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ የተበራከቱት ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በጎ ሥራ በነፃ የሚሰጥ፣ ወጪውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር መሆኑን አስለመዱ፤ ስለዚህ ተረጂን ዋጋ የሚያስከፍል ድርጅት ሲታይ ጥርጣሬ ይነሣል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳያልፍ መገደቡ፣ የራስን ገቢ የመፍጠርን ጥያቄ ከፍላጎት ወደ ህልውና አሸጋገረው። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶቹ ገቢውን ለአባላት ሳያከፋፍሉ ለዓላማቸው እስካዋሉት ድረስ በንግድ ሥራ እንዲሠማሩ በግልጽ ፈቀደ።

የዓለም ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ፎረም በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ስያሜው በይፋ መድረክ ነገሠ። ከዚያ ቀደም ብሎ ብሪቲሽ ካውንስል ያስጠናው ጥናት በአገሪቱ ወደ 55,000 የሚጠጉ ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዞች እንዳሉ ገምቶ ነበር። እንዲህ ያለው ቁጥር ግን የሚቆመው በቆጣሪው መስፈርት ላይ ነው፦ ድንኳን አከራይቶ መበለት የሚደግፈው ዕድር ከ55,000ዎቹ አንዱ ነኝ አይልም፤ ከኪራይ ያገኘውንም የዕድሩ ጸሐፊ ከወር መዋጮው አጠገብ «ልዩ ልዩ ገቢ» ብሎ ይመዘግበዋል።