ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮና በፒካፕ መኪና ላይ ስላገኘው ፈተና

በ1925 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የሄንሪ ፎርድ ፋብሪካ ከኋላዋ ካሶኒ የተገጠመላትን ሞዴል ቲ በ281 ዶላር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ የቤት መኪና ገዝቶ በአናጢ እጅ የእንጨት ሣጥን ያስገጥም ለነበረው ለአሜሪካ ባላገር፣ ሙሉ አካሏን ይዛ ከፋብሪካ የወጣች ፒካፕ ተገኘችለት። የዚህች መኪና ካምቢዮ ሁለት የፊትና አንድ የኋላ ማርሽ ብቻ የነበረው ሲሆን፣ ማርሹ የሚለወጠው በእግር ነበር፤ ነጂው የግራውን ፔዳል እስከ መጨረሻው ሲረግጠው ጥጥ የለበሰ የብረት መቀነት በካምቢዮው ውስጥ የሚሽከረከረውን ከበሮ አንቆ ያቆመዋል፣ ከበሮውም ሲቆም የሞተሩ ኃይል በንኡሳን ጥርሶች በኩል ተላልፎ ጎማውን በዝግታና በብርታት ያዞረዋል። ዳገት በበዛበት አገር ግን ይህ የጥጥ ልብስ ቶሎ እየነደደ ያልቅ ስለ ነበር፣ ብዙ ነጂዎች መኪናዋን አዙረው በኋላ ማርሽ ሽቅብ ይወጡ ነበር፤ የኋላው ማርሽ ከአንደኛው ይልቅ ብርቱ ነበርና፤ ደግሞም ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ብቻ ከወንበሩ ሥር ወደ ሞተሩ ይወርድ ስለ ነበር፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ባቀና ቍጥር ነዳጁ ይቋረጥባት ነበር።

ይህን ጥንታዊ ነገር ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በመካከል ተተክሎ የሚዞረው ጥርስ፣ እንደ ፕላኔቶች በዙሪያው የሚመላለሱት ንኡሳን ጥርሶች፣ ከበሮውን የሚያንቀው መቀነትና ሁሉን የሚያጥበው ዘይት፣ ከ15 ዓመት በኋላ የዘመኑ ድንቅ ሥራ ተብሎ የተወደሰው አውቶማቲክ ካምቢዮ የተሠራባቸው ብልቶች ናቸው፤ በዚያች በርካሽ ፒካፕ ሆድ ውስጥ ብልቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ደዌያቸውም አብሮ ነበር። አንድ ሰው ካምቢዮው ሲበላሽበት ጥርሱ የተሰበረ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የፒካፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ታሪክ ከብረቱ ይልቅ የዘይቱ ታሪክ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሁለተኛው ሐሳብ ከባሕር የመጣ ነው። በስቴቲን ከተማ በቩልካን የመርከብ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፈቲንገር፣ በታላቅ ፍጥነት የሚሽከረከረውን የእንፋሎት ተርባይን በዝግታ መዞር ከሚገባው የመርከብ መቅዘፊያ ጋር የሚያስማማ ዘዴ ሲፈልግ፣ በ1905 ዓ.ም. ብረትን ከብረት ሳያነካካ በፈሳሽ ብቻ ኃይልን የሚያስተላልፍ መሣሪያ ፈለሰፈ። ክንፍ የበዛባቸው ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች በታሸገ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ በሞተሩ ኃይል ሲዞር ፈሳሹን በሌላው ላይ ይወረውረዋል፣ ተቀባዩም በፈሳሹ ግፊት መዞር ይጀምራል። ይሁንና ተቀባዩ ከሰጪው ጥቂት ወደ ኋላ መቅረቱ በባሕርዩ የማይቀር ነው፤ በዚህ መቅረት የሚባክነው ኃይልም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህች ትንሽ ዐረፍተ ነገር አንባቢ እንዳይረሳት እለምናለሁ።

በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ደግሞ ኧርል ቶምፕሰን የተባለ መሐንዲስ ነበር፤ ማርሽ ሲለወጥ ጥርስ ከጥርስ እንዳይፋጭ የሚያደርገው ሲንክሮሜሽ በ1928 ዓ.ም. በካዲላክ መኪና ላይ የወጣው በእርሱ ጥበብ ነው። ይኸው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የፈቲንገርን ፈሳሽና የጥንቱን የፕላኔት ማርሽ በአንድ ቤት አጋብቶ፣ ማርሹን መቼ መለወጥ እንደሚገባ የሚፈርድ የባልቦላና የዘይት ቦይ ሥርዓት ጨመረበት፤ ሃይድራማቲክ የተባለውም ይህ ካምቢዮ በ1939 ዓ.ም. ለ1940 ዓ.ም. የኦልድስሞቢል ሞዴል በ57 ዶላር ተጨማሪ ዋጋ ቀረበ። አራት የፊት ማርሽ ነበረው፤ የፍሪሲዮን ፔዳልም ከመኪናው ወለል ላይ ጠፋ። ማቆሚያ የሚባል የማርሽ ቦታ ግን አልነበረውም፤ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ማርሹን ወደ ኋላ ማስገባት ነበረበት፣ መኪናውም በዚያው ተቈልፎ ይቆማል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ሃይድራማቲክ ወደ ታንክ ገባ። ኤም 5 የተባለው ቀላል ታንክ ሁለት የካዲላክ ሞተሮችና ሁለት ሃይድራማቲኮች ጎን ለጎን ተገጥመውለት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤም 24ም በዚያው ሥርዓት ተሠራ። ከጦርነቱ በኋላ የእኛው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ጦር ሠራዊት ከአሜሪካ ከተቀበላቸው ታንኮች መካከል ይኸው ኤም 24 ስለሚገኝበት፣ በራሱ የሚለወጥ ማርሽ ወደ አገራችን ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የጦር መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ኩባንያውም ይህን የታንክ አገልግሎት ከጦርነቱ በኋላ ለማስታወቂያ ተጠቀመበት፤ ታንክን የተሸከመ ካምቢዮ የቤት መኪናን አይፈራም የሚለው ነገር ለሰሚ ጆሮ የሚጥም ነበርና።

የፒካፕ ነገር ግን ሌላ ነው። ፎርድ በ1953 ዓ.ም. ፎርዶማቲክ የተባለውን ካምቢዮ በኤፍ 100 ፒካፕ ላይ በምርጫ አቀረበ፤ ሺቮርሌትም በ1954 ዓ.ም. ሃይድራማቲክን ለፒካፑ ሰጠ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል፣ ነሐሴ 12 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በሚሺጋን በሊቮንያ ከተማ የነበረው የሃይድራማቲክ ፋብሪካ ተቃጠለ። ከጣሪያው በታች ቧንቧ ይቈርጥ የነበረ ሠራተኛ ከያዘው የነበልባል መሣሪያ የወጣ ብልጭታ ዝገት ለሚከላከል ፈሳሽ ማጠራቀሚያ በተዘረጋ ሳህን ላይ ወደቀ፤ እሳቱም ወለሉንና በሬንጅ የተለበጠውን ሰፊ ጣሪያ ተከትሎ፣ በመካከል የሚከፋፍለው የእሳት ግድግዳ ያልነበረውን ያን ታላቅ ሕንፃ ፈጽሞ አጠፋው፣ የሰው ሕይወትም በዚያ ጠፋ። ካዲላክና ኦልድስሞቢል በጭንቅ ሰዓት የቡይክን ካምቢዮ እየተዋሱ መኪና ሸጡ፤ ኩባንያውም በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራበት የነበረውን የዊሎ ራንን ፋብሪካ ይዞ ዓመቱ ሳያልቅ ሥራውን በዚያ ቀጠለ። የፋብሪካ ሕንፃ ጠቢባን ከዚያ ወዲህ የእሳት ግድግዳንና የውኃ መርጫን ነገር ሲያስተምሩ ሊቮንያን ሳያነሡ አያልፉም።

አሁን ወደ ዘይቱ ልመለስ። አንዲት የቤት መኪና በከተማ መንገድ ቤተሰብ ይዛ ስትሄድ የካምቢዮው ዘይት ቀዝቃዛ ባይሆንም በልኩ ይሞቃል፤ ያው ካምቢዮ ግን ካሶኒው ሲሚንቶ በተጫነበት፣ ከኋላውም ፈረስ የያዘ ተሳቢ በሚጎትት ፒካፕ ላይ ሲገጠምና በበጋ ዳገት ሲወጣ፣ ሰጪው ሳህን ይዞራል፣ ተቀባዩ ይዘገያል፣ በመካከላቸውም ያለው ዘይት እንደ ተናገርሁት የባከነውን ኃይል ሁሉ በሙቀት መልክ ይቀበላል። ዘይቱ ከ115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ በውስጡ ቫርኒሽ የሚመስል ሙጫ ይፈጠራል፣ ሙጫውም በቀጫጭኑ የዘይት ቦዮች ይጣበቃል፤ ሙቀቱ ከዚያም ሲጨምር የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ ግፊቱም ይቀንሳል፣ ግፊት ያነሳቸው የፍሪሲዮን ዲስኮችም እየተንሸራተቱ ራሳቸው አዲስ ሙቀት ይወልዳሉ። ልማድ ያለው መካኒክ ካምቢዮውን ሳይፈታ በፊት የመለኪያውን ዘንግ መዝዞ በነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ ያሳርፋል፤ ጠብታዋ ቀይ ከሆነችና ዳርዋ ንጹሕ ሆኖ ከሰፋ ደኅና ነው፣ ቡናማ ሆና ከጠቈረችና የተቃጠለ ሽታ ካላት ግን ባለቤቱን ቁጭ በል ብሎ ዋጋውን ይነግረዋል።

ፋብሪካዎቹ ዘይቱን ለማቀዝቀዝ በራዲያተሩ ሆድ ውስጥ ንኡስ ቧንቧ አስቀመጡ። ይህ ብልሃት ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ቧንቧው በዝገት ሲቀደድ የሞተሩ ውኃና የካምቢዮው ዘይት ይደባለቃሉ፤ ያን ጊዜ በመለኪያው ዘንግ ላይ እንጆሪ የተመታበት ወተት የሚመስል አረፋ ይወጣል፤ ውኃውም በዲስኮቹ ላይ ያለውን ልባስ ያጣበቀውን ሙጫ ስለሚያላላው፣ እንዲህ ያለው ካምቢዮ ዘይቱ ቢለወጥለትም ብዙ ጊዜ አይድንም።

ከዘይቱ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚገርመኝ የዓሣ ነባሪው ነገር ነው። የካምቢዮ ዘይት ሁለት ተቃራኒ ግብር እንዲፈጽም ይፈለግበታል፤ ጥርሶቹን ማለስለስ አለበት፣ ዲስኮቹ ግን በእርሱ ውስጥ እንደ ተነከሩ ያለ መንሸራተትና ያለ መንገጫገጭ መያያዝ አለባቸው። ይህን ሚዛን የሚጠብቅ ቅመም ሆኖ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው፣ ስፐርም ከተባለው ታላቅ አንበሪ ራስና ስብ የሚወጣው ዘይት ነበር፤ በሙቀት አይለወጥምና። ነቢዩ ዮናስን ያነሣ ሰው አንበሪን ከፒካፕ ጋር ያገናኛል ብሎ ማን ያስብ ነበር? በ1970 ዓ.ም. አሜሪካ ይህንን እንስሳ ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ አግብታ ዘይቱ ወደ አገሯ እንዳይገባ ስትከለክል፣ የዘይት ጠቢባኑ ምትክ ፍለጋ ተጨነቁ። ጄኔራል ሞተርስ ያወጣው ዴክስሮን 2 የተባለው ዘይት በመጀመሪያ መልኩ በራዲያተሩ ውስጥ ያለውን የማቀዝቀዣ ቧንቧ ብየዳ የሚበላ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህም ዝገት የሚከላከል ቅመም ተጨምሮበት እንደ ገና ተሻሻለ። አንበሪው በመዳኑ ደስ ሊለን ይገባል፤ ለዚያ ዕዳ የከፈለው ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የካምቢዮው ባለቤት ነበር።

ከሙቀት ጋር የማይገናኝ አንድ ችግርም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ይህም የፎርድ መኪናዎች የማቆሚያ ማርሽ ነገር ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ በተሠሩ የቤት መኪናዎችና ፒካፖች ላይ፣ ነጂው ዘንጉን ማቆሚያ ላይ ያደረገው እየመሰለው በማቆሚያውና በኋላ ማርሽ መካከል በአፋፍ ላይ ይተወዋል፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ወይም የበር መዘጋት ዘንጉን ወደ ኋላ ማርሽ ይጥለዋል፣ መኪናውም ሰው ሳይኖርበት ወደ ኋላ ይሄዳል። የሞትና የአካል መጉደል አቤቱታ በዝቶ የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ምርመራ ካደረገ በኋላ፣ ነገሩ በ1980 ዓ.ም. መጨረሻ በስምምነት አለቀ፤ ስምምነቱም 23 ሚሊዮን ያህል ለሚሆኑ መኪናዎች ባለቤቶች በመኪናው ውስጥ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ወረቀት በፖስታ እንዲላክ ነበር። ብረቱ ያጠፋውን ጥፋት ወረቀት እንዲያስተካክለው የተፈረደበት ቀን ነው ብል ፍርዴ የከበደ አይመስለኝም።

የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት ዘመን መሐንዲሶቹ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ መኪናው በፍጥነት የሚሄድበትን አራተኛ ማርሽ ጨመሩ፤ በ1982 ዓ.ም. የወጣው የጄኔራል ሞተርስ 700 አር 4 በሺቮርሌትና በጂ.ኤም.ሲ. ፒካፖች ላይ የተገጠመው በዚሁ ምክንያት ነው። የዚህ ካምቢዮ ሕይወት የተንጠለጠለው ከነዳጅ መስጫው ጋር በተያያዘ በአንድ ቀጭን የብረት ገመድ ላይ ነበር፤ ገመዱ ነጂው ነዳጅ መጨመሩን ለካምቢዮው ይነግረዋል፣ ካምቢዮውም በዚያው ልክ የዘይቱን ግፊት ከፍ አድርጎ ዲስኮቹን አጥብቆ ይይዛል። ካርቡራተሩን የለወጠ ወይም ሞተሩን የነካካ ሰው ገመዱን ጥቂት አላልቶ ቢተወው፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲገፋ ካምቢዮው ቀላል ሥራ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ግፊቱም ያንሳል፣ ሦስተኛና አራተኛ ማርሽን የሚይዙት ዲስኮች በአንድ ጉዞ ሊነድዱ ይችላሉ። ብዙ ሰው ደካማ ነው ብሎ የኰነነው ያ ካምቢዮ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነተኛ ድካም ባያጣም፣ በብዙ ጋራዦች የሞተው ሊስተካከል በሚችል በዚያ ገመድ ምክንያት ነው። በ1993 ዓ.ም. የመጣው ተከታዩ ገመዱን ጥሎ ፍርዱን ለኤሌክትሪክ ሰጠው፤ መካኒኩም ከዚያ ወዲህ ከመፍቻው አጠገብ ኮምፒዩተር ማስቀመጥ ግድ ሆነበት።

በ2001 ዓ.ም. ሺቮርሌት ለከባድ ሥራ ባዘጋጀው ሲልቬራዶ ላይ ከዲዝል ሞተር ጋር አሊሰን 1000 የተባለውን ካምቢዮ ገጠመ፤ አሊሰን ከአውቶቡስና ከከባድ የጭነት መኪና ዓለም የመጣ ስለ ሆነ፣ እንደ ሞተር ዘይት ፊልትሮ በእጅ ተጠምዝዞ የሚወጣ ፊልትሮ በውጭ በኩል አለው፤ ፒካፕን እንደ ጭነት መኪና የቈጠረ ሰው ያሰበው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ሌላው ገበያ ግን በተቃራኒው መንገድ ሄደ፤ ዘይቱ ለዕድሜ ልክ ይበቃል እየተባለ የመለኪያው ዘንግ ከብዙ መኪናዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ጠፋ። ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ፣ የጥንቶቹ ተቀናቃኞች፣ በጋራ የነደፉት ባለ አሥር ማርሽ ካምቢዮ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኤፍ 150 ላይ ወጣ፤ ማርሽ ሲለወጥ ይነጥራል የሚለው አቤቱታም ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚህ የፎርድ ካምቢዮ ላይ የመለኪያ ዘንግ ፈጽሞ አልቀረም፤ ያለው ግን ከካምቢዮው ጎን በክዳን ተሸፍኖ በጭስ ማውጫው ቧንቧ አጠገብ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ በሞቀ ጊዜ መለካት ስላለበት፣ ሊያየው የሚወድ ሰው መኪናውን አንሥቶ ከሥሩ ገብቶ፣ ጓንት አድርጎ፣ በጋለው ቧንቧ ዳር እጁን መስደድ ይኖርበታል።