የያውንዴው ልጅ

ስለ ያኒክ ኖህ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው እ.ኤ.አ. በ1983 በሮላን ጋሮስ ማትስ ቪላንደርን ረትቶ ዋንጫ ስላነሣበት ቀን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ኖህ በ1960 ፈረንሳይ፣ ሴዳን ከተማ፣ ከካሜሩናዊ እግር ኳስ ተጫዋችና ከፈረንሳዊት እናት ተወለደ። ያደገው ግን ያውንዴ ነው። በ1971 ጥቁሩ አሜሪካዊ ሻምፒዮን አርተር አሽ አፍሪካን ሲጎበኝ ወደዚያች ከተማ ጎራ አለ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ኳስ ሲመታ አይቶ ዝም ብሎ አላለፈም፤ በኋላ የፈረንሳይ ቴኒስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለሆኑት ለፊሊፕ ሻትሪዬ ነገራቸው። አሽ ራሱ ሪችመንድ ውስጥ ለጥቁሮች ብቻ በተመደበ መጫወቻ ያደገ ነውና የልጁ ነገር ቶሎ የገባው ይመስለኛል።

ከዚያ መለየት መጣ። ልጁ ወላጆቹን ትቶ ኒስ ወደሚገኘው የፌዴሬሽኑ ማሠልጠኛ ገባ። በዚያ ዕድሜ ከእናት ጉያ መውጣት፣ ለዚያውም ለኳስ! ድሉን ስናወራ ይህን እንዘነጋዋለን።

በ1977 ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1978 የመጀመሪያ ዋንጫውን ማኒላ ላይ፣ ሁለተኛውን ካልካታ ላይ ወሰደ፤ ሁለቱም ከያውንዴ ሩቅ ናቸው።

በ1983 የመጨረሻዋ ነጥብ እንዳበቃች አባቱ ዛካሪ ከተመልካቹ መካከል ወደ ሜዳ ወርደው አቀፉት።