ከአሬስ ልጅነት ወደ ክርስቶስ አገልጋይነት፦ የአክሱም የጽርእ ጽሑፎች ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክርስትና በአገራችን የመንግሥት ሃይማኖት የሆነበትን ዘመን ስናስብ አስቀድሞ በልቡናችን የሚመጣው የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የቅዱስ ፍሬምናጦስ ታሪክ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ግን «ከመጻሕፍቱ ውጭ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ አለን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የጥርጥር ምልክት ተደርጎ ሊነቀፍ አይገባውም፤ መልሱ በአክሱም ድንጋዮች ላይ ተቀርጿልና።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽርእ (የግሪክ) ቋንቋ የቀይ ባሕር ንግድ ቋንቋ ነበር። ከግብፅ የሚመጡ ነጋዴዎች በአዱሊስ ወደብ ይገበያዩ ነበር፤ የአክሱም ነገሥታትም በገንዘባቸው ላይ በጽርእ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ በጽርእ የተቀረጸ ጽሑፍ ለባዕዳን ጭምር የተነገረ የንጉሥ ቃል ነው።

ንጉሥ ኢዛና ቤጃዎችን ድል ያደረገበትን ዘመቻ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በጽርእ አስቀርጿል። ዘመቻውን የመሩት ወንድሞቹ ሳይዛናና ሐደፋን እንደ ነበሩ፥ 6 የቤጃ ነገሥታትም ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር እንደ ተማረኩ ይተርካል። በጽርኡ ንጉሡ ራሱን «የማይሸነፈው አምላክ የአሬስ ልጅ» ይላል፤ በግዕዙ የአምላኩ ስም ማሕረም ነው። ስለ ድሉም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልቶችን ለአምላኩ አቁሟል።

እ.ኤ.አ. በ1969 በአክሱም የተገኘው ሌላው የጽርእ ጽሑፍ ግን የዚያኑ ንጉሥ ሌላ ልብ ያሳየናል። አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በመጥራት ይጀምራል። መንግሥቱን የጠበቀለት በኢየሱስ ክርስቶስ ማመኑ እንደ ሆነ ይመሰክራል፤ የእግዚአብሔርን ቸርነት አንደበቱና ልቡናው ሊገልጹት እንደማይችሉም ይናገራል። አሬስ ከዚህ ድንጋይ ጠፍቷል። ኢዛና አሁን የኤለ አሚዳ ልጅ፥ የክርስቶስም አገልጋይ ነው። በገንዘቡም ላይ በጨረቃና በክብ ምልክት ፈንታ መስቀል ገባ።

ከባሕር ማዶም ምስክር አለ። አርዮሳውያንን ይደግፍ የነበረው ቄሣር ቆስጠንጢዮስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈ፤ ደብዳቤውን ያቆየልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። የሁለቱ ወንድማማቾች ስም በድንጋዩም በደብዳቤውም ይገኛል። ትውፊታችን አብርሃ ወአጽብሐ እያለ ያከብራቸዋል።

ድንጋዩ ሁሉን አይነግረንም። ፍሬምናጦስን በስም አያነሣም፤ ሕዝቡ እንዴት እንደ አመነም አይተርክም። ያን የምናገኘው ከአባቶቻችን መጻሕፍት ነው። ድንጋዩ የሚያጸናልን ንጉሡ በዓለም ፊት የመሰከረውን ነው።

ልብ እንበል! በጣዖት ዘመኑ «የአምላክ ልጅ ነኝ» ይል የነበረው ኃያል ንጉሥ፥ እውነተኛውን አምላክ ባወቀ ጊዜ «አገልጋይ ነኝ» አለ። ያስቀረጸውም ነጋዴው ሁሉ በሚያነበው ቋንቋ ነው። እኛስ በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታና በባልንጀሮቻችን መካከል ማን ነን እንላለን? ንጉሡ ያላፈረበትን ስም እኛም እንዳናፍርበት አምላከ ቅዱሳን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።