«ክለርክ» ሲባል ጸሐፊ ማለት ነው?

እንበልና አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ልጃቸውን ከሕግ ትምህርት ቤት ሊያስመርቁ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ልጅቱ፣ «ጥብቅናው ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ክለርክ ልሆን ነው» ትላለች። እናት ስኒያቸውን ያስቀምጣሉ። «ይህን ሁሉ ብድር ተሸክመሽ፣ ጸሐፊ ልትሆኚ?» አባት ምንም አይሉም፤ ዝምታቸው ግን ከጥያቄው ይከብዳል።

ጥፋቱ የእናትየው አይደለም፣ የቃሉ ነው። «ክለርክ» አማርኛ ውስጥ ከገባ ሰንብቷል፤ የምናውቀውም ደብዳቤ የሚመዘግብ፣ ፋይል የሚያደራጅ የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ነው። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ቃሉ ያደናግራል። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት የሚመራው፣ እኛ ሬጅስትራር የምንለው ኃላፊ ክለርክ ይባላል፤ ዳኛው ቢሮ ውስጥ ሕግ የሚያገላብጠው አዲስ ምሩቅም ክለርክ ይባላል። ልጅቱ የምታወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ሥራው «ክለርክሺፕ» ይሰኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቆያል።

እነዚህ ክለርኮች ምን ይሠራሉ? የተከራካሪዎችን ጽሑፍ ያነባሉ፤ የተጠቀሱት ሕጎችና የቀድሞ ፍርዶች በእርግጥ የተባለውን ይሉ እንደሆነ ያጣራሉ፤ ዳኛው ችሎት ከመውጣታቸው በፊት ጉዳዩን አሳጥረው ያቀርባሉ። ዳኛው ወስነው ሲያበቁ ደግሞ የፍርዱን ረቂቅ እንዲጽፉ ሊታዘዙ ይችላሉ። የሚወስኑት ዳኛው ናቸው፤ የሚፈርሙትም እሳቸው። ረዳቱ ድምፅ የለውም፤ በቢሮው የሰማውንም ወደ ውጭ አያወጣም።

እንዲህ ያለ ረዳት የመያዝን ልማድ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጀመሩት ዳኛ ሆሬስ ግሬይ ናቸው። በ1882 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ከሃርቫርድ አንድ ጎበዝ ምሩቅ አስከትለው ነበር። በየዓመቱ የሚመርጡላቸው የሃርቫርድ ፕሮፌሰር የነበሩት ወንድማቸው ሲሆኑ፣ ደመወዙን ግን ግሬይ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነበር። መንግሥት ለዳኞቹ ረዳት ገንዘብ መመደብ የጀመረው በ1886 ነበር። ዛሬ ከዘጠኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች እያንዳንዳቸው እስከ አራት ረዳት ይይዛሉ፤ በመላ አገሪቱ ያሉ የፌደራልና የግዛት ዳኞችም በየአቅማቸው ይቀጥራሉ።

እናትየውን የሚያጽናና ነገር እዚህ ላይ አለ። ጆን ሮበርትስ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዳኛ ሬንኲስት ረዳት ነበሩ፤ በ2005 የሬንኲስትን ወንበር ወረሱ። ብሬት ካቫና የዳኛ ኬኔዲ ረዳት ነበሩ፤ በ2018 የኬኔዲን ወንበር ወረሱ። ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን የዳኛ ብራየር ረዳት ነበሩ፤ በ2022 የብራየርን ወንበር ወረሱ። ቡና እያጣጡ «ጸሐፊ» የተባለው ሥራ ይኸው ነው።

እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበለው? «ጸሐፊ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የተናቀ አልነበረም። ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት የንጉሡን ማኅተም የያዘ ሰው ነበር፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስን በዘመናቸው «የቢሮ ጸሐፊ ናቸው» ብሎ የሚያቃልል አልነበረም። የጽሕፈት መኪና መጣና ቃሉን ከዙፋን አጠገብ አንሥቶ ከአለቃ በር ላይ አስቀመጠው። አሁን መልሰን እናንሣው ብንል የሚሰማን የለም።

«ረዳት ዳኛ» የሚሉ አሉ። ይህም አይሆንም። በአገራችን ፍርድ ቤቶች ረዳት ዳኛ የራሱ ቦታ ያለው የሥራ መጠሪያ ነው። ሰዋስዉም አይፈቅድም፦ ረዳት ዳኛ ስንል ሰውየውን ዳኛ ብለነዋል፣ የዳኛ ረዳት ስንል ግን አላልነውም። ቃሎቹ ቦታ ሲለዋወጡ ሥልጣኑ ይጠፋል፤ ደግሞም መጥፋት አለበት። ዳኛው የሚሠሩበትን ቢሮ «እልፍኝ» ብሎ «የእልፍኝ ረዳት» ማለት አምሮኝ ነበር፤ ግን ቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት ሸተተኝ። «ረዳት» ብቻውንም አይበቃም፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወዲያው የሚታየው በሚኒባስ በር ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚለው ልጅ ነው። ስለዚህ የኔ ምርጫ «የዳኛ የሕግ ረዳት» ነው፤ ሥራው ደግሞ «የዳኛ ረዳትነት»። ከእንግሊዝኛው ይረዝማል፤ ነገር ግን የማን እንደሆነና የምን እንደሆነ ይናገራል።

ቃሉ ከተስተካከለ ልጅቱ ትሂድ ወይስ ትቅር የሚለው ጥያቄም መልኩ ይለወጣል። «የማን ረዳት?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናልና። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ፍርድ ቤቱ ስም ነው፤ እኔ ግን ከፍርድ ቤቱ ዳኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። ቢሮው ውስጥ ያሉት ዳኛው፣ ጥቂት ረዳቶች፣ ምናልባትም አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ ናቸው። ከየኔታ ጋር እንደ መኖር ነው፤ መልካም መምህር ከገጠመ ለዕድሜ ልክ የሚሆን ስንቅ ይገኛል፣ ክፉ ከገጠመ ደግሞ የሚሸሹበት ጥግ የለም። የፌደራል ፍርድ ቤት ሠራተኞች በሥራ ቦታ መድልዎን በሚከለክለው ዋናው የፌደራል ሕግ አይሸፈኑም፤ አቤቱታቸው የሚታየው በፍርድ ቤቶቹ የውስጥ ሥርዓት ነው። የይግባኝ ሰሚው ዳኛ አሌክስ ኮዚንስኪ በ2017 ሥራቸውን የለቀቁት የቀድሞ ረዳቶቻቸው የነበሩ ሴቶች ጭምር ባቀረቡባቸው ክስ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ከማመልከት በፊት የቀድሞ ረዳቶችን ፈልጎ መጠየቅ ግድ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሩት ባደር ጊንስበርግ አለች። በ1960 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ፍራንክፈርተር ሴት ናት ብለው አልቀበልም አሏት። ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ኤድመንድ ፓልሚየሪ ግን፣ መምህሯ አጥብቀው ስለ ወተወቷቸው፣ ወሰዷት፤ ሁለት ዓመት ያህል አብራቸው ሠራች። ኋላ እሷም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነች።

የሥራው ጠባይም እንደ ፍርድ ቤቱ ይለያያል። በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምስክር ሲሰማ፣ ጁሪ ሲመረጥ፣ ጠበቃ ሲንተባተብ ይታያል፤ በይግባኝ ደረጃ ያለው ንባብና ጽሑፍ ነው። መከራከር የምትፈልግ ልጅ ከመጀመሪያው ብዙ ትማራለች። የኩባንያ ውል ማርቀቅ ለሚያስደስተው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓመቱ ያን ያህል አይጠቅመውም።

ገንዘቡስ? ትልልቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች ለጀማሪ 225,000 ዶላር የዓመት ደመወዝ ይከፍላሉ፤ የአዲስ ምሩቅ ረዳት የፌደራል ደመወዝ ግን የዚህን ግማሽ አይሞላም። ወደ አገር ቤት በየወሩ የሚላክ ገንዘብ ላለበት ቤተሰብ ይህ ቀልድ አይደለም። ጎን ለጎን ጥብቅና መሥራትም አይቻልም። ማካካሻ አለው፤ ብዙ ድርጅቶች ከረዳትነት ለሚመጣ ሰው ጉርሻ ይጨምራሉ፣ ዓመቱም የመንግሥት ሠራተኞች 120 ወርሃዊ ክፍያ ከፍለው ቀሪው የትምህርት ብድር በሚሰረዝበት ፕሮግራም ይታሰባል። በዲቪ ወይም በጥገኝነት የመጡ ልጆች ደግሞ ከሁሉ በፊት የፌደራል ፍርድ ቤቶቹን የዜግነት ደንብ ያንብቡ፤ ግሪን ካርድ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም።

አንድ ልማድ ደግሞ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ዳኛ «ነይ፣ ሥሪ» ካሉ፣ «ላስብበት» ብሎ ሳምንት ማስጠበቅ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ብዙዎች እዚያው «እሺ» ይላሉ። ስለዚህ ቤተሰብ የሚመክረው፣ ሒሳቡ የሚሰላው ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ነው። የፌደራሉን የቅጥር ዕቅድ በሚከተሉ ዳኞች ዘንድ ማመልከቻው የሚደርሳቸው ተማሪው ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ፣ በሰኔ ግድም ነው፤ ዕቅዱን የማይከተሉም አሉ።

«የዳኛ የሕግ ረዳት» የረዘመበት፣ ያጠረና ያማረ ቃል ያለው አንባቢ ቢልክልን እናመሰግናለን። እስከዚያው ግን ልጅቱን ጸሐፊ አትበሏት።