ትልቁን የመሰለው ትንሹ ሽጉጥ

የእጅ ጥበብ ታሪክ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ያነሣል። አንድ ነገር ሌላውን መሰለ ሲባል በምኑ መሰለው? በመልኩ ነውን፣ በክብደቱ ነውን ወይስ በጠባዩ? ሠዓሊው፣ ቀራፂውና ተዋናዩ በየሙያቸው ሲመልሱት የኖሩትን ይህን ጥያቄ የጦር መሣሪያ ሠሪዎችም በራሳቸው መንገድ ተጋፍጠውታል። ጥያቄው ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በታላላቆቹ ሽጉጦች ላይ ሳይሆን የእነርሱን መልክ ተውሰው ትንሿን ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩሱ በተሠሩት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ሽጉጦች ታሪክ በአጭሩ መተረክና ከታሪኩም በመነሣት እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ምን ምን ማመዛዘን እንደሚገባው ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን አስቀድመን ጥይቲቱን እንወቃት። በዛሬዎቹ ትልልቅ ጥይቶች ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም የሚቀመጠው በቀለሁ ግርጌ መካከል ላይ ነው። በትንሿ ጥይት ግን ቅመሙ የሚቀመጠው በግርጌው ዙሪያ ባለው ቀጭን ጠርዝ ውስጥ ነው። መቺው መርፌ ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይቀጣጠላል። ይህንን አሠራር በ1845 የጀመረው ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር ሲሆን በ1857 የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኩባንያ ለትንሽ ሽጉጥ አዋለው። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚተኮሰው «ሎንግ ራይፍል» የተባለው ዓይነት ደግሞ በ1887 ወጣ።

ይህች ጥይት ርካሽ ናት፤ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው። ሆኖም ጠርዝዋ በመርፌ ሊጨፈለቅ የሚችል ቀጭን መሆን ስላለበት ብርቱ የባሩድ ግፊት አትችልም። እርሳሷም 2.6 ግራም ያህል ብቻ ትመዝናለች። እንግዲህ የታሪካችን ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለብርቱ ጥይት የተቀረጸ ገላ ደካማ ጥይት ሲሰጠው ምን ይሆናል?

አብነት ሆነው ከኖሩት ታላላቅ ሽጉጦች ቀዳሚው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ የፈለሰፈውና የኮልት ፋብሪካ የሠራው «ኤም 1911» ነው። የአሜሪካ ጦር በማርች 29 ቀን 1911 በይፋ ተቀብሎት በ1985 የጣልያኑ ቤሬታ እስኪተካው ድረስ ሰባ አራት ዓመት ያህል ዋነኛ ሽጉጡ አድርጎ ይዞታል። ክብደቱ 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን በካርታው ሰባት ጥይት ይይዛል። የእያንዳንዱ ጥይት እርሳስ ስፋቱ 11.43 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 15 ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም የትንሿን ጥይት እርሳስ ስድስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ተንሸራታቹ የላይኛው ክፍልና አፈሙዙ ለቅጽበት ተቆላልፈው አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ግፊቱ ከበረደ በኋላ ይላቀቃሉ። በዚህን ጊዜ ተኳሹ በእጁ ላይ የሚሰማውን ግፊት የመልስ ምት ብለን እንጥራው።

ጀማሪን የሚያሸንፈውም ይኸው የመልስ ምት ነው። ገና ቃታውን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንጓው ይላላል፤ ጥይቱም ከዒላማው በታች ይወድቃል። መድኃኒቱ ልምምድ ነው፤ ትልቁ ጥይት ግን ውድ ነው። ስለሆነም ወታደሩ በርካሽ ጥይት እየተለማመደ እጁን የሚያሠለጥንበት መሣሪያ አስፈለገ።

ኮልት ትንሿን ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ አጥቶ አልነበረም። ራሱ ብራውኒንግ የነደፈው፣ በኋላ «ውድስማን» ተብሎ የታወቀው ሽጉጥ ከ1915 ጀምሮ ይሠራ ነበር። ይህ ሽጉጥ ታላቅ ወንድሙን አይመስልም። አፈሙዙ ቀጭን ነው፤ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሁለመናው ለትንሿ ጥይት ተለክቶ የተሰፋ ነው። ዒላማ በመምታት ረገድም የተመሰገነ ሆኗል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ብልህ ሠሪ ለትንሽ ጥይት ሽጉጥ በነፃነት ሲነድፍ የትልቁን መልክ ከቶ እንዳልፈለገው ነው። መልኩን የፈለገው ሠሪው ሳይሆን ተለማማጁ ነበር። ምክንያቱም በውድስማን የሠለጠነ እጅ ትልቁን ሲጨብጥ እንደገና እንግዳ ይሆንበታል።

በ1931 ኮልት «ኤስ» የተባለውን ሽጉጥ አወጣ። ዘመኑ በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት የበረታበትና እያንዳንዱ ጥይት በገንዘብ የሚቆጠርበት ነበር። ኤስ ቁመናው፣ እጀታው፣ የደኅንነት ማቀቢያው ሁሉ እንደ 1911ዱ ሆኖ በካርታው ዐሥር ትናንሽ ጥይቶች ይይዛል። ትንሿ ጥይት መቆላለፊያ ስለማያስፈልጋት አፈሙዙ ባለበት ይረጋል፤ ቀለሁ ራሱ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች ታዩ። ደካማዋ ጥይት ከባዱን ብረት ለመግፋት ትቸገራለች፤ ጥይቱ ብርቱ ካልሆነና ንጽሕናው ካልተጠበቀ ሽጉጡ ይደናቀፋል። ሁለተኛውና ዋነኛው ደግሞ የመልስ ምቱ ኢምንት መሆኑ ነው። ወታደሩ ዒላማ ማየትንና ቃታ መሳብን ይማርበታል፤ የሚያስፈራውን ነገር ግን አይለማመድበትም። ኤስ የትልቁን መልክ ይዞ ጠባዩን ሳይዝ ቀረ።

ጠባዩን የማምጣቱ ዘዴ ከፋብሪካ ሳይሆን ከእስር ቤት መጣ። ዴቪድ ማርሻል ዊልያምስ የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ ነበር። በ1921 ሕግ አስከባሪዎች በድብቅ የያዘውን የአረቄ ማውጫ ሊይዙ ሲመጡ በተነሣው ተኩስ አንድ የሸሪፍ ረዳት ተገደለ። ዊልያምስም በሁለተኛ ደረጃ የግድያ ወንጀል ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመት እስራት ተፈረደበት። በእስር ቤቱ የብረት ሥራ ክፍል ሲሠራ ለመሣሪያ ያለው ተሰጥኦ ታይቶ ሐሳቦቹን በብረት እንዲሞክር ተፈቀደለት። በ1929 ከእስር ተፈታ። ከፈጠራዎቹ አንዱ ከስድስት ሚሊዮን በላይ በተሠራው «ኤም 1 ካርባይን» ጠመንጃ ውስጥ ገብቷል። ታሪኩም በ1952 ጄምስ ስቱዋርት ዋናውን ሚና በያዘበት ፊልም ለሕዝብ ቀርቧል። አንባቢ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ሕይወቱን እንዳጣ መዘንጋት የለበትም። የተሰጥኦ ታሪክ የሟቹን ደም አያጥብምና።

ለኮልት የጠቀመው የዊልያምስ ሐሳብ እንዲህ ነው። በተለመደው ሽጉጥ ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ የአፈሙዙ አካል ነው። ዊልያምስ ይህንን መጉረሻ ከአፈሙዙ ለይቶ ራሱን የቻለ፣ ወደ ኋላ ጥቂት ሊንቀሳቀስ የሚችል አጭር ክፍል አደረገው። ጥይቱ ሲተኮስ የባሩዱ ጭስ በአፈሙዙና በመጉረሻው መካከል ይገባል፤ ከቀለሁ ግርጌ በሚሰፋ ገጽ ላይ ስለሚያርፍም መጉረሻውን በብርቱ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። መጉረሻውም ተንሸራታቹን ይመታል። በዚህም የመልስ ምቱ በአራት እጥፍ ያህል ያድጋል ተብሎ ተነገረለት። ትንሿ ጥይት የትልቋን ድምፅ ባታወጣም የእጅዋን ክብደት ተዋሰች ማለት ይቻላል። ይህንን ዘዴ የያዘው «ሰርቪስ ኤስ» በ1937 ወጥቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለአሜሪካ ወታደሮች ማሠልጠኛ አገልግሏል።

ይሁንና ጥበብ ያለ ዋጋ አይገኝም። ጭሱ በሚገባበት ጠባብ ክፍተት የባሩድ ጥላሸትና የእርሳስ ቅንጣት እየተጋገረ መጉረሻውን ይይዘዋል። ሰርቪስ ኤስ ቶሎ ቶሎ ካልጸዳ አይሠራም። መልክንም ጠባይንም አንድ ላይ የፈለገ ሰው የትጋትን ዕዳ መክፈል ነበረበት።

ከጦርነቱ በኋላ በኮነቲከት ግዛት የታየው ሥራ ከዚህ ፈጽሞ ተቃራኒ መንገድ የያዘ ነው። በ1949 ዊልያም ሩገርና አሌክሳንደር ስተርም በ50,000 ዶላር መነሻ ካፒታል ኩባንያ አቋቋሙ። ሩገር የመሣሪያ ነዳፊ፣ ስተርም ደግሞ ሠዓሊና ደራሲ ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸው የጀርመኑን ሉገር የሚያስታውስ ባለ ትንሽ ጥይት ሽጉጥ ሆነ። የጀርመን የምድር ጦር በ1908 የተቀበለው ሉገር በተጋደመ እጀታው፣ በቀጭን አፈሙዙና እንደ ጉልበት ወደ ላይ በሚታጠፈው መዝጊያው የታወቀ ነው። ሩገር የወሰደው የእጀታውን ዘንበል ማለትና የቁመናውን መስመር ብቻ ነው። የሚታጠፈውን ጉልበት ትቶ በቧንቧ መሰል ገላ ውስጥ የሚመላለስ ድቡልቡል መዝጊያ አበጀለት፤ በዚህም ከጃፓኑ ናምቡ ሽጉጥ ጋር ይዛመዳል። እጀታውን ከሁለት የብረት ሉሆች አትሞ በመበየድ ሠራው፤ ዋጋውም 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ስተርም በ1951 ገና በወጣትነቱ ሲሞት በሽጉጡ እጀታ ላይ ያለው የንስር ዓርማ መደብ ከቀይ ወደ ጥቁር ተለወጠ። የሽጉጡ ሽያጭ ግን ቀጥሎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሩገር ሥራ የስኬት ምክንያት ነው። ሩገር ከሉገር የተዋሰው ለእጅ የሚመቸውን ብቻ ነው፤ የውስጡን ሥራ ለትንሿ ጥይት እንደሚስማማት አድርጎ አዲስ ነደፈ። በ1960ዎቹ የጀርመኑ ኤርማና የአሜሪካው ስቶገር ግን የሚታጠፈውን ጉልበት ጭምር ይዘው ባለ ትንሽ ጥይት ሉገሮች አወጡ። በዋናው ሉገር ያ ጉልበት ከአፈሙዙ ጋር እየተንቀሳቀሰ መዝጊያውን የሚቆልፍ ነው፤ በትንንሾቹ ግን አፈሙዙ ስለማይንቀሳቀስ የሚቆልፈው ነገር የለም። ጉልበቱ ይታጠፋል፤ ሥራው ግን ቀርቶ ትዝታው ነው የሚታጠፈው። ለታሪክ ወዳድ ይህ ራሱ ደስታ ነው፤ ለዒላማ ተኳሽ ግን ትርፍ ብረት ነው።

ሦስቱ መንገዶች ዛሬም አልተዘጉም። በ2011 የ1911ዱ አንድ መቶኛ ዓመት ሲከበር ብራውኒንግ ኩባንያ የዋናውን 85 በመቶ መጠን ያለው፣ በቀላል አሉሚኒየም የተሠራና ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ሽጉጥ አወጣ። የጀርመኑ ጂ ኤስ ጂ ደግሞ ሙሉ መጠኑን ጠብቆ ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጹ ክፍሎች ያሉት አቀረበ። ሁለቱም በሩቅ ሲታዩ 1911ዱን ይመስላሉ። በእጅ ሲያዙ ግን የመጀመሪያው ለትንሽ መዳፍ የተሠራ፣ ሁለተኛው ለትልቁ ሽጉጥ ባለቤት መለማመጃ የታሰበ መሆናቸው ወዲያው ይታወቃል።

እንግዲህ መራጩ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው ይበልጥ ይመስላል?» ብሎ ሳይሆን «እኔ የምሻው መምሰል የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ለትልቁ ሽጉጥ እጁን ሊያሠለጥን የፈለገ ሰው መጠኑና ክብደቱ እኩል የሆነውን፣ ማቀቢያውና የካርታ ማውጫው በዚያው ስፍራ ያለውን፣ በዚያው ማኅደር የሚገባውን ይምረጥ። ሆኖም የመልስ ምቱን ሙሉ በሙሉ እንደማያገኝ ዐውቆ አልፎ አልፎ በትልቁም ይተኩስ። መዳፉ ትንሽ የሆነ ወይም ገና ጀማሪ የሆነ ሰው የተቀነሰ መጠን ያለው ይስማማዋል። ዒላማ መምታትን ብቻ የሚሻ ከአምሳያዎቹ ይልቅ እንደ ውድስማንና እንደ ሩገር ለጥይቲቱ ተብሎ የተነደፈውን ቢይዝ ያተርፋል። ቅይጥ ብረት ዋጋን እንደሚያረክስ ሁሉ ከፎላድ ቀድሞ ሊያልቅ እንደሚችልም ይወቅ። በብዙዎቹ ሽጉጦች ጥይት ሳይኖር ቃታ መሳብ መርፌውን ከመጉረሻው ጠርዝ ጋር ስለሚያጋጨው ጉዳት ያመጣል፤ ይህ በትልቁ የተለመደ ልምምድ በትንሹ ላይ ሊደገም አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን አምሳያ የሚለው ቃል ማንንም አያታልል። ይህች ቀላል እርሳስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ሰውን ልትገድል ትችላለች። ሽጉጡ ትልቁን መምሰሉ ጨዋታ አያደርገውም፤ ከትልቁ ማነሱም ከየአገሩ ሕግና ፈቃድ ነፃ አያወጣውም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም እዚህም ቦታ አለው። የትልቁን መልክ መያዝ ጥምጥሙን መጠምጠም ነው፤ ትምህርቱ ያለው ግን መሣሪያው ከየትኛው ወገን ትልቁን እንደሚመስል፣ ከየትኛውም ወገን እንደማይመስል ለይቶ በማወቅ ላይ ነው።