ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት ምሳ

በጅቡቲ ከተማ እምብርት፣ ነጫጭ ባለቅስት ሕንፃዎች ዙሪያውን የከበቡት አንድ ሰፊ አደባባይ አለ። አገሪቱ ነፃነቷን ካወጀችበት ከጁን 27 ቀን 1977 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፋዊ ስሙ ይኸው የነፃነት ቀን ሆኗል። የከተማው ሰው ግን፣ አፋሩም ሶማሌውም ዐረቡም ሐበሻውም፣ ዛሬም «ሜኔሊክ አደባባይ» ይለዋል። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም በፈረንሳይኛ አነባበብ በኩል አልፎ ስለ መጣ «ምኒልክ» መሆኑ ቀርቶ «ሜኔሊክ» እንደ ሆነ ጸና።

ስለዚህ አደባባይ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የባቡሩ፣ የወደቡና የወታደሩ ታሪክ ነው። በአደባባዩ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ግን ሌላ ሒሳብ ሲሰላ ኖሯል። የመርከብ ተሳፋሪ የመንገዱን ቀለብ ከቲኬቱ ጋር አብሮ ከፍሎ ይነሣል። ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም በመርከቡ አዳራሽ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ምድር ወርዶ፣ በአደባባዩ ሆቴል ተቀምጦ፣ ለአንድ ምሳ ሁለተኛ ጊዜ ቢከፍል ያዋጣው ነበርን? ነገሩ የአንድ መንገደኛ ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ከተማዪቱ እንጀራዋን ከምታገኝባቸው መንገዶች አንዱ ተሳፋሪው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነበር።

የጅቡቲ ትውልድ ራሱ ከመርከብ ቀለብ ጋር የተያያዘ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ከማርሴይ ተነሥተው ወደ ሩቅ ምሥራቅና ወደ ማዳጋስካር የሚሻገሩ የፈረንሳይ መርከቦች የድንጋይ ከሰል የሚጭኑት በእንግሊዞች እጅ ከነበረችው ከኤደን ነበር። ፈረንሳይ በ1884 እና በ1885 ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዞች «ገለልተኛ ነን» በማለት ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ከሰል ከለከሉ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ አስቀድማ በእጇ ያስገባቻትን ኦቦክን ማልማት ያዘች። ይሁን እንጂ የኦቦክ ወደብ ለነፋስ የተጋለጠ፣ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ መንገድም የማይመች በመሆኑ፣ የግዛቱ ገዥ ሌኦንስ ላጋርድ ከ1888 ጀምሮ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ጅቡቲን መሠረተ። አፄ ምኒልክ በ1894 የባቡሩን ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ ስም በአንድ የፈረንሳይ ቅኝ ከተማ አደባባይ ላይ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማዪቱ ፊቷን ወደ ባሕር አድርጋ ብትቆምም ጀርባዋን የተደገፈችው በእርሳቸው አገር ላይ ነበር።

የመርከቡ ገበታ የሚናቅ አልነበረም። በዚህ መሥመር ላይ የበላይነቱን ይዞ የቆየው የ«ሜሳዠሪ ማሪቲም» ኩባንያ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎቹን በበርካታ ዓይነት ምግብ ያስተናግድ ነበር፤ በፈረንሳይ መርከቦች ልማድ ወይኑም ከማዕዱ ጋር ያለ ተጨማሪ ሒሳብ ይቀዳል። እንግዲህ በልቶ የጠገበን ሰው ከዚህ ገበታ ምን አስነሥቶ ወደ በረሃ ከተማ ያወርደዋል?

መልሱ የከሰል ብናኝ ነው። በእንፋሎት ዘመን መርከብ ከሰል ሲጭን ተሳፋሪ ሆኖ ውስጡ መቀመጥ መከራ ነበር። ተሸካሚዎች ቅርጫት በቅርጫት እየተቀባበሉ ከሰሉን ወደ መርከቡ ሆድ ሲገለብጡ ጥቁር ብናኝ እንደ ጉም ይነሣል። ብናኙ ወደ ካቢንና ወደ ምግብ አዳራሽ እንዳይገባ ክቦቹ መስኮቶች ይዘጋሉ፤ በሮች ይሸፈናሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሙቀት፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ለማንም ሰው የምግብ ፍላጎት አያተርፍለትም። ስለዚህ የተከፈለበት ምሳ በመርከቡ ቢኖርም የሚበላበት ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። የጅቡቲ ሆቴሎች የመጀመሪያ ደንበኛ ያገኙት ከምግባቸው ጥራት ይልቅ በዚህ ብናኝ ርዳታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሒሳቡ ግን ከሳህኑ ዋጋ ብቻ አይቆምም ነበር። በቀደመው ዘመን ትላልቅ መርከቦች ከባሕር ዳር ራቅ ብለው መልሕቅ ስለሚጥሉ ተሳፋሪው አስቀድሞ ለጀልባ ይከፍላል። በጀልባው ዙሪያ ሳንቲም ሲወረወር ጠልቀው የሚያወጡ ልጆች እየዋኙ ይጣራሉ፤ እዚያም ጥቂት ይጎድላል። ከወደቡ እስከ አደባባዩ በጋሪ ከሄደ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ከቅስቶቹ ጥላ ሥር ሲደርስ፣ የአርካድ ሆቴልም ሆነ የኮንቲኔንታል ሆቴል፣ በረዶ የገባበት መጠጥና በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ ያቀርቡለታል። ከቡና ቤቶቹም አንዱ «የዚንኩ ዘንባባ» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ እውነተኛ ዛፍ ማጽደቅ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር ከዚህ ስም የበለጠ የሚናገር የለም።

የሚቀርበው ምግብስ ከየት የመጣ ነበር? የጅቡቲ መሬት ዛጎልና ጨው ነው። ከከተማው ዳር ካሉት የአምቡሊ ጓሮዎች በቀር አትክልት የሚያበቅል መሬት አጠገቧ የለም። ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ ወይኑና በቆርቆሮ የታሸገው ሁሉ ከአውሮፓ የሚመጣው መንገደኛውን ራሱን ባመጣው ዓይነት መርከብ ነው። ስለዚህ ከማርሴይ የመጣ ተሳፋሪ ጅቡቲ ወርዶ በፈረንሳይ ቅቤ የተሠራ የፈረንሳይ ምግብ ቢያዝዝ ያንኑ የመርከቡን ቀለብ፣ ይበልጥ ሞቆና ይበልጥ ተወድዶ፣ ሁለተኛ ጊዜ መግዛቱ ነበር። እንዲህ ያለው ምሳ አያዋጣም። የሚያዋጣው ከሌላው ወገን የሚመጣው ነበር። ባሕሩ በየማለዳው ዓሣውን ይሰጣል። ባቡሩ ደግሞ ድሬዳዋ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ የሐረርጌን ፍራፍሬና አትክልት፣ የደጋውን ሥጋ ወደ ባሕር ያወርዳል። ከፖርት ሳይድ ወዲህ ትኩስ ቅጠል ላላየ ተሳፋሪ ከሐረርጌ የወረደ ሎሚና ሰላጣ ከማንኛውም የመርከብ ወጥ ቤት ጥበብ ይበልጣል። ሆቴሎቹ ግን በምግብ ዝርዝራቸው ራስ ላይ ማኖር የሚወድዱት የአውሮፓውን ስም ነበር፤ ይህም በሀብታቸው ያለማወቅ ነው።

በሌሎች ባሕሮች ይህንኑ የሁለት ጊዜ ክፍያ ኩባንያዎች ራሳቸው ወደ መርከባቸው አስገብተውታል። የጀርመኑ የሐምቡርግ-አሜሪካ መሥመር በ1905 «አሜሪካ» በተባለችው መርከቡ ላይ የታወቀውን የሪትዝን ስም የያዘ፣ ለየብቻ የሚከፈልበት ምግብ ቤት ከፈተ። የእንግሊዙ ዋይት ስታርም «ኦሊምፒክ» እና «ታይታኒክ» በተባሉት መርከቦቹ ተከተለው። በእነዚህ ላይ አንድ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ «በተለየው ምግብ ቤት ብቻ እበላለሁ» ብሎ አስቀድሞ ካስታወቀ ከቲኬቱ ጥቂት ፓውንድ ይቀነስለት ነበር። ይህ ቅናሽ ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ይናገራል፤ ኩባንያው የተተወው ማዕድ ስንት እንደሚያወጣ ዐውቆ ተምኖታል ማለት ነውና። ጅቡቲ ላይ ይህን የሚተምን አልነበረም። የተተወው የመርከብ ምሳ ለኩባንያው ትርፍ፣ የአደባባዩ ምሳ ለተሳፋሪው ዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር።

አማራጭ ያልነበራቸውም ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣ መንገደኛ ከመርከብ ከወረደ በኋላ ባቡሩ እስኪነሣ ድረስ መጠበቅ ነበረበት፤ ተሳፋሪ ባቡር ደግሞ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚነሣው። ከተነሣም በኋላ ሌሊቱን በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው የንግሥ በዓል ከየአገሩ የተላኩ መልእክተኞችና ጋዜጠኞች በአንድ ሰሞን ጅቡቲ ላይ ሲወርዱ ከተማዪቱ ተጨናነቀች። ከእነርሱ ጋር «አዜ ለ ሪዶ» በተባለችው መርከብ የመጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የአርካድ ሆቴልን ያነሣዋል። እንደ እርሱ ላለው መንገደኛ የመርከቡ ገበታ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የባቡሩ ጉዞ ገና ነው፤ ሆቴሉ ያለውን ያቀርባል፣ የጠየቀውንም ያስከፍላል።

ከዚያ በዓል በኋላ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ያው ሐዲድ ሌላ ዓይነት መንገደኛ አወረደ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በማግሥቱ ጅቡቲ ገቡ፤ ሚያዝያ 26 ቀን ደግሞ «ኢንተርፕራይዝ» በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ከእርሳቸው በፊትም በኋላም ብዙ ኢትዮጵያውያን የጠላትን ወረራ ሸሽተው በዚህች ከተማ በኩል አልፈዋል። ለስደተኛ የአደባባዩ ምሳ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። በእጁ ያለችው ገንዘብ ለቀጣዩ ቲኬት ትበቃለች ወይስ አትበቃም የሚለው ነው የሚያሳስበው። የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪም፣ ከሰሉን ተሸክሞ የሚውለው ሠራተኛም ከቅስቶቹ ሥር አይቀመጥም ነበር። የእነርሱ ገበታ ከአደባባዩ ጀርባ ባሉት ጎዳናዎች ነው። በዚያ የየመን ተወላጆች ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በበርበሬና በቅመም አሽተው፣ በሸክላ ምድጃ ግድግዳ እየጠበሱ ከትኩስ ቂጣ ጋር ያቀርባሉ። ዛሬ ጅቡቲን የጎበኘ ሁሉ ቅድሚያ የሚያነሣው ምግብ ይኸው መሆኑ የአደባባዩን የድሮ ሆቴሎች ሳያስቀና አይቀርም።

ሒሳቡን ከሥሩ የለወጠው ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። በማርች 1949 ጅቡቲ ነፃ ወደብ ከመሆኗም ጋር የራሷ ፍራንክ ወጣላት፤ ዋጋውም 214.392 ፍራንክ በአንድ የአሜሪካ ዶላር እንዲሆን ተተከለ። የፈረንሳይ ፍራንክ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወደ 350 ወረደ፤ በ1958 መጨረሻ ደግሞ ወደ 493.7 ደረሰ። ለምሳሌ ያህል 100 የጅቡቲ ፍራንክ የሚያስከፍል አንድ ምሳ ቢኖር፣ የፓሪስ ደመወዝተኛ በ1949 መጨረሻ 163፣ በ1958 መጨረሻ ደግሞ 230 ያህል የድሮ የአገሩን ፍራንክ ማውጣት ነበረበት። ዓሣው ያው፣ ጠረጴዛው ያው ሳለ ዋጋው እየናረ ሄደበት። በነፃው ወደብ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ በየሱቁ ተደርድሮ ሳለ ይህን ገንዘብ በምሳ ላይ ማዋል ከባድ ምርጫ ሆነ።

ከመርከቦቹም በኩል ነገሩ ተለዋወጠ። በከሰል ፈንታ ናፍጣና ዘይት የሚጠቀሙ መርከቦች ሲበዙ ብናኙ ቀረ፤ ነዳጅ በቧንቧ ስለሚቀዳ የቆይታውም ሰዓት አጠረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩት ላይ የአየር ማቀዝቀዣ እየገባ ሲሄድ ተሳፋሪውን ከገበታው የሚያስነሣው ምክንያት ጠፋ። በመጨረሻም አውሮፕላን ተሳፋሪውን ራሱን ወሰደው። የስዊዝ ቦይ ከ1967 እስከ 1975 በተዘጋ ጊዜ የጅቡቲ ወደብ ክፉኛ ተጎዳ፤ ቦዩ ሲከፈት የመደበኛ ተሳፋሪ መርከቦች ዘመን አብቅቶ ነበር።

ጠረጴዛዎቹ ባዶ አልቀሩም፤ የፈረንሳይ ወታደሮች፣ ኋላም የሌሎች አገሮች ወታደሮችና ባሕረኞች ተቀመጡባቸው። ያን ጊዜ በምሳው ዋጋ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በማርች 18 ቀን 1987 «ኢስቶሪል» በተባለው የአደባባዩ ቡና ቤት የፈነዳ ቦምብ ከአሥር ሰዎች በላይ ገደለ። በሜይ 24 ቀን 2014 ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች በሚያዘወትሩት «ላ ሾሚዬር» ምግብ ቤት አጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃት አደረሱ። ሁለቱም ጊዜ የተመረጠው ዒላማ የባዕዳን ማዕድ ነበር።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚመላለሱት ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች ላይ የ1905ቱ የሐምቡርግ ዘዴ ተስፋፍቶ፣ ከቲኬቱ ውጭ የሚከፈልባቸው ምግብ ቤቶች በአንድ መርከብ ላይ ብዙ ሆነዋል፤ ተሳፋሪውም ያንኑ የድሮ ሒሳብ ከመርከቡ ሳይወርድ ያሰላል። ወደ ጅቡቲ ብቅ የሚሉት እንዲህ ያሉ መርከቦች ድሮም ጥቂት ነበሩ፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ የደረሰው ጥቃት ደግሞ ብዙዎቹን ከመንገዱ አስቀርቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም መንገደኛውን የሚያወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ነው። የሐረርጌ አትክልት ግን አሁንም ከደጋው እየወረደ ነው፤ በአደባባዩ ዙሪያ በሚቀርበው ሳህን ላይ ያለው ቲማቲምና ሽንኩርት አብዛኛው ከኢትዮጵያ በጭነት መኪና ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ነው።